ሰንበት ሲገባ የሚያርፍ ጫጫታ

ከብዙ ዘመን በፊት፣ በሱዳን የስደተኞች ሠፈር፣ ሁለት ሰዎች በአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ሲከራከሩ አቶ ይታየው ሰምተዋል። ያን ጊዜ ገና ጢም ያላበቀሉ ጎረምሳ ነበሩ። ሰዎቹ ከድንኳን ጀርባ ተቀምጠው፣ ሬዲዮዋን በጋቢ ሸፍነው፣ ከኢየሩሳሌም ወሬ ይፈልጋሉ። አንደኛው፣ «ከፍ አድርጋት እንጂ! ምን ትነካካለህ?» ይላል። ሌላው፣ «ከፍ ባደረግኋት ቁጥር ጫጫታውም አብሮ ከፍ ይላል። የሚጎድላት ጩኸት አይደለም…» ይለዋል። ምን ነበር የሚጎድላት ያለው? እዚህ ላይ የአቶ ይታየው እናት ውሃ ቅዳ ብለው ጠሯቸውና ሄዱ። የክርክሩን መጨረሻ ሳይሰሙ፣ ማን እንደረታም ሳያውቁ ቀሩ።

ነገሩንም ረስተውት ኖሩ። ያስታወሳቸው በእስራኤል አገር፣ በአሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ አሌፍ በሚባለው ሠፈር፣ በገዛ ሕንፃቸው ደረጃ ላይ የገጠማቸው ነገር ነው።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ዳቦና ወተት ገዝተው ሲመለሱ አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። በእግራቸው ሲወጡ አንዲት ወጣት ደረጃው ላይ መንገድ ዘግታ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ባለ መስታወት ሣጥን፣ በሣጥኑ ራስ ላይ አጭር አንቴና። አቶ ይታየው ክው አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ መብራት ልትቆርጪ ነው የመጣሽ? እኔ ከፍያለሁ!»

ወጣቷ ቀና ብላ ሳቀች። «አይደለም አባባ፣ እኔ ምንም አልቆርጥም። ይለፉ፣ ይቅርታ።»

«አማርኛሽ! የማን ልጅ ነሽ?»

«የአትክልት ልጅ ነኝ፣ ከሮቫ ሔት። ኦድያ እባላለሁ።»

«የወገራዋ አትክልት? አያትሽን እኮ አውቀዋለሁ! ከእኛ ጋር ነው በእግሩ ሱዳን ድረስ የወጣ። በይ ተነሺ፣ የሰው ልጅ ደረጃ ላይ አይቀመጥም። ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ኦድያ በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና የሬዲዮ ዕቃ በሚጠግን ወርክሾፕ ውስጥ ትሠራለች። ሙያውን የጀመረችው በጻባ፣ በእስራኤል ጦር ውስጥ፣ በውትድርናዋ ጊዜ ነው፤ በኋላ ኮሌጅ ገብታ ጨመረችበት። የመጣችውም ከወርክሾፑ ተልካ፣ ስለ ወይዘሮ ሐረጊቱ ቁልፍ ነው።

ወይዘሮ ሐረጊቱ የአቶ ይታየው የግድግዳ ጎረቤት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ለሕንፃው አረጋውያን ሁሉ በአንገት የሚንጠለጠል የጭንቅ ቁልፍ ከአንድ ድርጅት ታድሏል፤ ሰው ሲወድቅ ወይም ሲታመም ይጫነዋል። ቁልፉ ሳሎን ለተቀመጠ ሣጥን በሬዲዮ ይናገራል፤ ሣጥኑ ደግሞ ሞቄድ ወደሚሉት የጥሪ ማዕከል ይደውላል። በፋሲካ ሰሞን፣ በአንድ የቅዳሜ ሰንበት፣ ወይዘሮ ሐረጊቱ ማድ ቤት ወድቀው ቢጫኑት ወዲያው ሰው ደረሰላቸው። ባለፈው ማክሰኞ ግን እዚያው ቦታ ወድቀው ቢጫኑ፣ ደግመው ቢጫኑ፣ የሰማቸው የለም። ዳቦ ሊያቀብሉ የገቡት አቶ ይታየው ናቸው ከወለል ያነሷቸው። ከድርጅቱ የተላከው ሰው መጥቶ ባትሪ ለወጠ፤ ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ቢሞክረው ሠራለት። «ቁልፉ ደህና ነው፤ አሮጊቷ በደንብ አልተጫኑት ይሆናል» ብሎ ሄደ።

ይህን የሰማ ልጃቸው ኤልአዛር በመጪው እሑድ መጥቶ ቤት አቮት፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሊያስገባቸው ቆረጠ። ወይዘሮ ሐረጊቱን ይበልጥ ያመማቸው ከቤታቸው መውጣቱ ይሁን «አልተጫኑም» መባሉ፣ እሳቸውም ለይተው አያውቁትም።

አቶ ይታየው ልጅቱን ይዘው ገቡ። ወይዘሮ ሐረጊቱ ከወንበራቸው ሆነው አዩዋትና፣ «ደግሞ ሌላ ባትሪ ለዋጭ?» አሉ።

«እማማ፣ እኔ መጫንዎን አምናለሁ። ያልሰማዎት ማን እንደሆነና ለምን እንዳልሰማ ላጣራ ነው የመጣሁ።»

«እንግዲያ ተቀመጪ» አሉ ሴትዮዋ ወዲያው። «ይታየው፣ ያን ወንበር ሳብላት እንጂ፤ እንደ ግድግዳ አትቁም።»

ኦድያ ሣጥኗን ጠረጴዛው ላይ አቆመች። መስታወቱ ላይ ብርሃን ተንቀጠቀጠ። አቶ ይታየው መነጽራቸውን አውጥተው ቀረቡ፤ የማይታመን ነገርም ቢሆን ሲያዩት ደስ ይላቸዋል።

«ይህ የልብ ምት ነው?»

«የአየሩ ምት ይበሉት። ስፔክትረም አናላይዘር ይባላል። በዙሪያችን የሚያልፈውን የሬዲዮ ኃይል በየድግግሞሹ በተርታ አሰልፎ ያሳያል። ወደ ላይ የወጣው ኃይለኛው ነው። እነዚህ ረጃጅሞቹ የስልክ ማማዎች ናቸው። ከታች እንደ ሣር የሚርገበገበው ተራ ጫጫታ ነው፤ እሱ የትም አይጠፋም። እኔ የምፈልገው የእማማን ቁልፍ የሚያፍን ሌላ ጫጫታ እንዳለ ነው።»

«ታዲያ ቁልፏን የሚያፍነው የታለ?»

«እስካሁን አይታይም።»

«አይታይም? እንግዲያ የለማ!» አሉ አቶ ይታየው፣ ክርክር እንደረታ ሰው ወደ ኋላ ተደግፈው። «መሣሪያሽ ራሱ መሰከረብሽ። ልጄ፣ የሌለ ነገር አትፈልጊ።»

«አባባ፣ ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ?»

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ። ስልክ በደወለችልኝ ቁጥር ትለዋለች።»

ወይዘሮ ሐረጊቱ ተንከትክተው ሳቁ። አቶ ይታየው ግን በቀላሉ የሚለቁ አይደሉም። «እሺ፣ ካለ እንየው። ከፍ አድርጊዋ! ማጉያ የለውም?»

«አለው። ይኸው ከፍ አደረግሁት።» ሣሩ በሙሉ ሽቅብ አደገ። «አዩ? ጫጫታውም አብሮ ከፍ አለ። የተደበቀው እንደተደበቀ ነው።»

ከድንኳን ጀርባ፣ ከጋቢ ሥር፣ አንድ ድምፅ በአቶ ይታየው ጆሮ ላይ መጣ። «የሚጎድላት ጩኸት አይደለም…»

«ታዲያ የሚጎድላት ምንድን ነው?» አሉ ሳያስቡት።

«ማናት አባባ?»

«አይ፣ ግድ የለም። ቀጥይ።»

«መሣሪያው የሚያሳየኝ እኔ አሳየኝ ያልሁትን ብቻ ነው» አለች ኦድያ። «አሁን ሰማዩን በሙሉ አሳየኝ ብዬዋለሁ፤ ስለዚህ አገር ምድሩን አጨናነቀልኝ። ማማዎቹን ለማስገባት ጣሪያውን ከፍ ስላደረግሁ ደግሞ አጫጭሮቹ ወለሉ ላይ ተኝተዋል። እኔ የምፈልገው የእማማን ቁልፍ ሠፈር ብቻ ነው። እንግዲህ ስፋቱን ላጥብበው።» የመሣሪያዋን ቁልፎች ነካች፤ ረጃጅሞቹ ከመስታወቱ ዳር ወጥተው ጠፉ። «አሁን ጣሪያውን ዝቅ።»

«ሣሩ ግን አልጠፋም።»

«አልጠፋም። አሁን በሩን ላጥብበው። አባባ፣ ሠርግ ቤት በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት እንግዳውም ግርግሩም በአንድነት ይገባል፤ ማን እንደገባ አይለይም። በሩን አንድ ሰው ብቻ እንዲያሳልፍ አድርገው ቢያጠቡትስ?»

«አንድ በአንድ ይገባል። እያንዳንዱን ታየዋለህ።»

«ይኸው ነው። ብቻ ጊዜ ይወስዳል።»

እውነትም በሩ ሲጠብ ብርሃኑ መስታወቱን ለማቋረጥ ዘገየ፤ እንደ ሽማግሌ እያዘገመ አለፈ። በጠበበ ቁጥር ሣሩ ዝቅ፣ ደግሞም ዝቅ አለ። ቀጥላ የብዙውን ዙር አማካይ እንዲይዝ አደረገችው፤ መርገብገቡ ረጋ። አቶ ይታየው መነጽራቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው ያያሉ። ከረጋው ሣር መካከል አንድ እንጨት የመሰለ መስመር ብቅ አለ። ቀጭን ነው፤ ግን ዝም ብሎ ቆሟል።

«ይህ ማነው?» አሉ በሹክሹክታ፣ እንዳይበርባቸው የፈሩ ይመስል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። እንጨቱ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። መሣሪያውም አልተለወጠም፣ የተለወጠው አጠያየቁ ነው። ብዙዎቻችን አንድ ነገር አንድ ጊዜ በጨረፍታ አይተን «የለም» እንላለን፤ ካልሆነም ድምፃችንን ከፍ አድርገን በጫጫታ ላይ ጫጫታ እንጨምራለን። ጥያቄን አጥብቦ መጠበቅ ግን የሚታክት ሥራ ነውና የሚመርጠው ጥቂት ነው።

«አሁን እማማ ከማድ ቤት ሆነው ቁልፉን ይጫኑልኝ» አለች ኦድያ።

«የለም!» አቶ ይታየው ብድግ አሉ። «ይህ አይሆንም። እሷ አሁን ወድቃለች? ታማለች? ሳይጨንቅ አይጫኑም!»

«ለምን አባባ?»

«ቁልፉ እሪታ ነዋ! በእኛ አገር እሪ የተባለ እንደሆነ የሰማ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ፣ ጦሩን ይዞ ይመጣል። ያለ ነገር እሪ ያለ ሰው ደግሞ ሁለተኛ የሚሰማው የለም፤ ልጆቹ ሳይቀሩ የሐሰተኛ ልጆች ይባላሉ። በዚህ ሕንፃ ያለ ትልቅ ሰው አንዱም ለጨዋታ ተጭኖ አያውቅም። ጨዋ ሰዎች ነን።»

«አንዳችሁም ሞክራችሁት አታውቁም?»

«አንዳችንም!» አሉ በኩራት።

ነገሩ ኦድያን አስገርሟታል። ድርጅቱ ወሩ በገባ ቁጥር ሞክሩ የሚል ማሳሰቢያ በዕብራይስጥ ይልካል፤ እነዚህ ሰዎች ያልሞከሩት በስንፍና ሳይሆን በጨዋነት መሆኑን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

«አባባ፣ አገር ቤት ጠብመንጃ ነበራችሁ?»

«አባቴ ነበረው።»

«መተኮሱን ያወቀ ሽፍታ ሲመጣበት ነው?»

«እንዴት ተደርጎ! ኢላማ ይተኩሳል እንጂ። ያልተሞከረ ጠብመንጃ ዱላ ማለት ነው።»

«ሲተኮስ ጎረቤት አይደነግጥም?»

«አስቀድሞ ይነገራላ! ልጅ ይላካል፤ ‹ዛሬ ኢላማ ነው፣ አትደንግጡ› ይባላል። ከዚያ በኋላ…» አቶ ይታየው ቃላቸውን አቋረጡ። የተናገሩትን መልሰው ሲሰሙት ታወቃቸው።

ወይዘሮ ሐረጊቱ ከወንበራቸው፣ «ገባህ?» አሉ። «ራስህ ቋጥረህ ራስህ ፈታኸው።»

«ሞቄድ ደውዬ ሙከራ ነው ብነግራቸውስ?» አለች ኦድያ በትሕትና።

«ከተነገረማ… ከተነገረ እሪታ አይደለም። ኢላማ ነው።» ተመልሰው ተቀመጡና፣ «በይ ደውይ» አሉ።

ተደወለ፤ ተነገረ። ወይዘሮ ሐረጊቱ በምርኩዛቸው ማድ ቤት ገቡ። ኦድያ መሣሪያውን አንዴ ብልጭ ብሎ የሚያልፈውን ከፍታ ሁሉ ይዞ እንዲያቆይ አደረገችው። «ይጫኑ እማማ!»

በመስታወቱ ላይ፣ ከዚያ ከማይታወቀው እንጨት ጥግ፣ ሌላ እንጨት ተነሥቶ ቀረ። ሳሎን ያለው ሣጥን ግን ጭጭ አለ። ድጋሚ ተጫኑ፤ ጭጭ።

«ይምጡ እማማ፣ ይህን ይዩልኝ» አለች ኦድያ። «ይህ እርስዎ ነዎት። ተጭነዋል፣ መሣሪያው ይዞልዎታል። ይህ አጠገብዎ የቆመው ግን ሣጥኑን አደንቁሮታል፤ ሁለታችሁን መለየት አቃተው።»

ሴትዮዋ መስታወቱን ቀርበው አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ተጭኛለሁ ብዬ ነበር» አሉ። «ለኤልአዛር ነግሬው ነበር።»

ኦድያ ፎቶ አነሣችው። «ግን አንድ ነገር አልገባኝም። በሰንበቱ ጊዜ ከዚያው ማድ ቤት ሆነው ሲጫኑ እንዴት ሠራ?»

«እሱማ ግልጽ ነው!» አሉ አቶ ይታየው ፊታቸው በርቶ። «ሰንበት ናታ ያዳነቻት። ሰንበትን የጠበቀ ሰው፣ ሰንበት ትጠብቀዋለች። አባቶቻችን ያሉት ነው፤ ይህን በሣጥንሽ አታገኚውም።»

«ሰንበት አዳነቻቸው፣ አምናለሁ» አለች ኦድያ። «በምን በኩል እንዳዳነቻቸው መጠየቅ ግን ነውር ነው?»

«ነውር አይደለም» አሉ ወይዘሮ ሐረጊቱ። «የዳንሁት እኔ ነኝ፤ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያ ይህ ጫጫታ በሳምንቱ ቀን የሚነሣ፣ ሰንበት ሲገባ የሚያርፍ ነው ማለት ነው። እዚህ ሕንፃ ሰንበት ሲገባ የሚያርፍ ምን አለ?»

አቶ ይታየው በቀስታ፣ «ሁሉም» አሉ። «ከጭንቅ ሣጥኑ በቀር ሁላችንም ሶኬቱን እንነቅላለን።»

የአቶ ይታየውን ነገር ካነሣን አይቀር፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዕረፍት አላገኙም። መጠራጠራቸው አልጠፋም፤ የማወቅ ጉጉታቸው ግን በለጠባቸው። አርብ ከቀትር በኋላ ኦድያ መሣሪያዋን ሐረጊቱ ቤት ስታቆም፣ እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ ቤት ለቤት ዞረው ሁሉም ሰው በየተራው ብቻ እንዲነቅል አስማምተው ነበር። ከላይኛው ፎቅ ጀምረው እየወረዱ በር ያንኳኳሉ፤ «ንቀሉ!» ይላሉ፤ ከዚያ በደረጃው ወደ ታች ይጣራሉ።

«ወደቀ?»

«እንደቆመ ነው!» ትላለች ኦድያ።

ማዛል የምትባል ጎረቤት ማቀዝቀዣዋን ነቅላ ሥጋዬ ሊበላሽ ነው እያለች ጮኸች። እንጨቱ አልተነቃነቀም። አቶ ይታየው ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። «አለቀ። የቀረ ቤት የለም። ነገሩ የሰማይ ነው ብዬሽ ነበር።»

ወይዘሮ ሐረጊቱ ምርኩዛቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። «የአንተስ?»

«የእኔ?»

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። ሂድ፣ ንቀል!»

አቶ ይታየው እየሳቁ ሄዱ። ከቴሌቪዥናቸው ጀርባ አንቴናው የሚይዘውን የምታጎላ ትንሽ ማጉያ አለች፤ በባሕሩ ዳር ከሚቆመው የረቡዕ ገበያ በርካሽ የገዟት፣ ሥዕሉን እንደ ጨረቃ ያጠራችላቸው፣ ለእንግዳ ሁሉ የሚያሳዩዋት። በየሳምንቱ አርብ እንደሚያደርጉት ገመዷን ሳብ አደረጉ።

«ወደቀ!» የሚል ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ተሰማ።

መልሰው ሰኩ። «ተነሣ!» ነቀሉ። «ወደቀ!»

ማመን አቃታቸው። መጥተው መሣሪያው ፊት ተቀመጡ፤ ኦድያ ሄዳ በእሳቸው ቤት ነቀለች፣ ሰካች። በዓይናቸው አዩት።

ስትመለስም ቀና አላሉም። «ማክሰኞ ዕለት» አሉ፣ «እቴ ሐረጊቱ ወለል ላይ ወድቃ ስትጫን እኔ ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር።»

«ማጉያዋ ስትበላሽ ራሷ በሬዲዮ ማፏጨት ትጀምራለች፤ እርስዎ አይሰሙትም። ማንም በጆሮው አይሰማውም።»

«ያን ሰንበትስ?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያዳነቻት ሰንበት ናት፣ ወይስ የእኔ ሶኬት?»

«አባባ፣ ሶኬቱን ያስነቀለዎት ማን ሆነና?»

አቶ ይታየው ልጅቱን አተኩረው አዩዋት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ምን እንዳሉ ከፈጣሪ በቀር የሰማ የለም። ወይዘሮ ሐረጊቱም እስኪጨርሱ ጠብቀው፣ «በል ተነሥ፣ ሰንበት ሳትገባ አንድ ጊዜ ኢላማችንን እንተኩስ» አሉ።

ለሞቄድ ተነገረ። ሴትዮዋ ማድ ቤት ገብተው ተጫኑ። ሳሎን ያለው ሣጥን ወዲያው ጠራ፤ አንዲት ወጣት በዕብራይስጥ፣ «ሻሎም ሐረጊቱ፣ እሰማሻለሁ፣ ደህና ነሽ?» አለች።

«ደህና ነኝ!» አሉ ወይዘሮ ሐረጊቱ በአማርኛ፣ ከነሙሉ ድምፃቸው። «ደህና ነኝ! ሰምታኛለች!»

ከዚያ በኋላ ክርክር የሚባል አልነበረም። ጥቅሙን ኦድያ ልታስረዳ ስትጀምር አቶ ይታየው ቀደሟት። የተሞከረ ቁልፍ ሌሊት የሚያስተኛ መሆኑን፣ ያረጀ ሰው በገዛ ቤቱ፣ በጎረቤቱ መካከል ሊቆይ የሚችለው ሲጣራ እንደሚሰማ እርግጠኛ ሲሆን መሆኑን፣ ጨዋነት ማለትም እስኪወድቁ ዝም ማለት አለመሆኑን እሳቸው ራሳቸው ተናገሩ። ትናንት «የለም» ያሉበት አፍ ነው። ሰው ሐሳቡን በለወጠ ጊዜ የሚያዋርደው ይመስለዋል፤ አቶ ይታየው ግን ያን ዕለት ከፍ ብለው ታዩ።

ያ ከጋቢ ሥር የተቋረጠ ቃልም በዚያው ሞላላቸው። ትዕግሥት ነው የሚጎድላት ብሎ መሆን አለበት። ቢሳሳቱም ግድ የላቸውም፤ የረታው ያ ሰው መሆኑን አውቀዋል።

ስልክ አነሡና ኤልአዛርን ጠሩት። «ልጄ፣ እሑድ ስትመጣ ሻንጣ አታምጣ። መጀመሪያ ፎቶ አሳይሃለሁ። እናትህ ተጭነው ነበር። ያፈንኳቸው እኔ ነኝ፤ አሁን ነቅያለሁ። ቁጭ ብለህ ከእሳቸው ጋር ተነጋገር።» ኤልአዛርም ከማዶ፣ «እሺ አባባ፣ ሻንጣ አላመጣም፤ መጥቼ አያለሁ» አለ።

ማጉያዋን ለኦድያ ሰጧት፤ እስክትጠገን ዜናውን ሐረጊቱ ቤት ሊያዩ ተስማሙ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ገብተው፣ ከታደላቸው ቀን ጀምሮ በምስማር ላይ ተሰቅሎ አቧራ የጠጣውን የራሳቸውን ቁልፍ አውርደው መጡ። «እኔ አላረጀሁም» እያሉ ሳያጠልቁት የኖሩት ነው።

«አዲስ ጨረቃ በወጣች ቁጥር» አሉ፣ «የወሩን መባቻ ጸሎት አድርሰን ስንመለስ፣ ለሞቄድ አስቀድሜ ተናግሬ፣ ቤት ለቤት እዞራለሁ። ሁሉም ይጫናል፤ መጀመሪያ የምጫነው እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ሐረጊቱ፣ «ጎንበስ በል እንግዲህ» አሉ። አቶ ይታየውም ጎንበስ አሉና የቁልፉ ገመድ በአንገታቸው ገባ።